የልክነሽ እንሰት

ልክነሽ ኦይታ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ባለች አንዲት የልጆች ቤተ መጻሕፍት በጽዳት ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ደፍናለች። ፊደል የቆጠረችውም እዚያው ነው፤ ጠረግ ጠረግ ታደርግና ከልጆቹ ጎን ቁጭ ትላለች። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ካየች ደግሞ ከእነሱ እኩል ትሻማለች። ምን ያሳፍራል!

ዘንድሮ ቤተ መጻሕፍቷ «የጓሯችን ምግብ» የሚል የራሷን መጽሐፍ ልታሳትም ተነሣች። ጽሑፉም ሥዕሉም የመምህር ይበልጣል ነው፤ ከጎጃም መጥቶ አገሩን አገሬ ያለ፣ እጁ የተባረከ ሰው። ልክነሽ ረቂቁን ጠረጴዛ ላይ ስታገኘው መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ ገለጠችው። ጎመኑ ጎመን ነው፣ ሽፈራውም ሽፈራው። እንሰቱ ጋ ስትደርስ ግን ክው አለች።

እንሰቱ ሙዝ አንጠልጥሏል! ከሥሩ ደግሞ አንዲት ልጅ ፍሬውን አፈር ውስጥ ትዘራለች።

«ኧረ በማርያም!» አለች ብቻዋን። ዶርዜ ተወልዳ ያደገች፣ ባሏ ሲሞት ሦስት ልጆቿን እንሰት እየፋቀች ለቁም ነገር ያበቃች ሴት ናት። መጽሐፉ እንዲህ ታትሞ ዶርዜ ቢወጣ ልጆቹ ወይ ይስቁበታል፣ ወይ ደግሞ ያምኑታል። ያመኑት እንደሆነስ? አንጀቷ አልቻለም። ማተሚያ ቤት የሚገባው ደግሞ በማግስቱ ከሰዓት ነው።

ፈራ ተባ እያለች ወደ መምህሩ ሄደች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር፤ ይሄ እንሰት አይደለም፣ ሙዝ ነው።»

«እትዬ ልክነሽ» አለ ፈገግ ብሎ፣ «ቅጠላቸው ያው አይደል እንዴ? ልጆች አይለዩትም።»

አይለዩትም! ደሟ ፈላ። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ዶርዜ ወጣች፤ ከወንድሟ ጓሮ አንድ ለጋ እንሰት ከነሥሩ አስነቅላ ተመለሰች። ተሳፋሪው «እናቴ፣ ሙሽራዋን ወዴት ነው?» እያለ ቢቀልድባትም እንሰቷን አቅፋ ተቀመጠች። ከግቢው የሙዝ ቅጠል ቀንጥሳ ሁለቱንም መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸው፤ አፈሩ ወረቀቱን ሁሉ አለበሰው።

«ይኸው! ግርጌውን ይዩት፣ እንዴት እንደወፈረ። ፍሬውን ማን ይበላዋል? አፍርቶ ሳይጨርስ ነው የሚቆረጠው። ዘሩም አይዘራም። እናቲቱ እንሰት ትቆረጣለች፣ ልቧ ተፈልፍሎ ይወጣል፣ ከፍግ ጋር ትቀበራለች። ከዚያ ዙሪያዋን ልጆች ያቆጠቁጣሉ፤ ሃምሳም ይሁን መቶ!»

መምህሩ እንሰቱን አየ፣ ሥዕሉን አየ።

«ልክ ነሽ» አለ። ወዲያው ደነገጠ፤ አንድም ቀን «አንቺ» ብሏት አያውቅም። «ማለቴ... ልክ ነዎት!»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ስምዎን ስጠራ» አለ እንባውን እየጠረገ፣ «ትርጉሙ ዛሬ ገና ገባኝ።» ገጹን ቀደደና አዲስ ወረቀት አነሣ። እሷም ከአጠገቡ ቆማ «ቅጠሉን ቀና፣ አሁንም ቀና!» እያለች አስሣለችው።

መጽሐፉ ታትሞ የመጣ ዕለት ከአንባቢዎቹ ልጆች አንዷ፣ ትንሿ ፌቨን፣ ቀድማ አፈፍ አደረገችው። መጨረሻው ገጽ ላይ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ «እንሰቱን... ያረሙልን... ልክ... ነሽ።» ቀና አለች። «እማማ፣ ይሄ ስምሽ ነው ወይስ ልክ ነሽ እያሉሽ ነው?»

ልክነሽ መጥረጊያዋን ጥላ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሁለቱም ነው የኔ ልጅ» አለች። «እስቲ ድገሚው፤ ጮክ አድርገሽ።»