ብሳና ከማር ጋር

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ስኳር አለብህ ከተባለ ጀምሮ ኪኒኑን አያቋርጥም ነበር። ኋላ የብሳና ቅርፊት ስኳር ያወርዳል ሲሉ ሰማ። ታቦር ተራራ ሥር ባለው ግቢያችን፣ አጥሩ ጥግ አንድ ብሳና ነበረን። ቅርፊቱን በቢላ ያነሳል፣ ያደርቃል፣ ጠዋት ጠዋት በአሮጌ ማንቆርቆሪያ ያፈላል። የሚያነሳውም ፀሐይ መውጫ ካለው ጎን ብቻ ነው፤ እናቱ እንደዚያ ታደርግ ነበር። እንዳይመረው ደግሞ በላዩ አንድ ማንኪያ ማር ይልሳል።

«ማር እኮ ስኳር ነው» ስለው፣
«ንብ የሠራችው ምን ያደርጋል? ስኳር የፋብሪካ ነው» ይለኛል።

አንድ ቀን መሳቢያውን ስከፍት ኪኒኑ ሳይነካ ተቀምጧል። ሁለት መድኃኒት ሆድ ውስጥ ይጣላል ብሎ የሐኪሙን ትቶታል። ብነግረው አልሰማኝም።

በዚያው ሰሞን ዓይኑ ደበዘዘ። ሐይቅ ዳር ወርደን ዓሣ ስንበላ እሾሁን መለየት አቃተው። እኔ እየለቀምኩ በእሱ በኩል አደርግለታለሁ፤ እሱም እንዳላየ ሆኖ ይበላል። ስለዚህ ነገር አንነጋገርም ነበር።

የጀርባውን ክፍል የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የዛፍ ቅርፊት በላቦራቶሪ ትመረምራለች። ይህን ሲሰማ ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ ምስክር አገኘ። ቅዳሜ ጠዋት ጠራት።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ ለዚህች ሴትዮ ንገሪልኝ። ቅርፊት ይሠራል አይሠራም?»

«አባባ፣ ቅርፊት ውስጥ አንቲኦክሲዳንት የምንላቸው ነገሮች አሉ። ሰውነትን ከጉዳት ይከላከሉ እንደሆነ፣ ስኳርም ይቀንሱ እንደሆነ እናጠናለን። ተስፋ አለው።»

«ሰማሽ?» አለኝ።

«ግን እኛ ያየነው በብልቃጥ ነው» አለች።

«እኔ ከብልቃጥ አንሳለሁ?»

«ብልቃጥ ጉበትና ኩላሊት የለውም፣ አባባ። ማርም አይልስም።»

እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኪኒንዎን ግን አላቆሙም አይደል?» አለችው። እሱ ፊቱን ወደ ማንቆርቆሪያው አዞረ። ቆማ ቆማ ወጣች።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት።

«ዓሣውን የምለቅምልህ ደስ ብሎኝ ይመስልሃል? ነገ እኔንም ባታየኝስ?»

ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ያፈላውን ብሳና ደጅ ደፋው። ሰኞ የደረቀውን ቅርፊት በፌስታል ይዞ ሐኪሙ ዘንድ ሄደ። ተቆጣኝ አለኝ፤ ምን ብሎ እንደተቆጣው ግን አልነገረኝም። ኪኒኑን ጀመረ።

ዓይኑ እንደ ድሮው አልሆነም። ቢሆንም አልባሰበትም፤ ብዙ ዓመት አብረን ኖርን። ኪኒኑን የሚውጠው ከቁርስ በፊት፣ እኔ እያየሁት ነበር። እንዲህ አድርግ ብዬው አላውቅም፤ ራሱ ያመጣው ልማድ ነው። ማለዳ ገበያ ሄጄ ከቆየሁ፣ ኪኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ።

«የት ቀረሽ? በረሃብ ልትገድይኝ ነው?» ይለኛል።

አሁን ገበያ የፈለግሁትን ያህል እቆያለሁ።