ሞተሩ የጠፋበት ደጅ

ሮቢት መግቢያ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንደርስ የባጃጁ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ሊሳለም ወረደ። ቤንዚኑ ሲሸተኝ የአባቴ ሞተር ትዝ አለኝ።

አባቴ የጎን ጋሪ ያለውን ሞተሩን እንደ በቅሎ ነበር የሚያየው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ አጥፍቶ ይወርዳል። እናቴን ወባ ጥሏት፣ ጋሪው ውስጥ አስተኝተን ወደ ቆቦ ጤና ጣቢያ ስንወስዳትም እዚሁ ወረደ። ተሳልሞ ሲመለስ ሞተሩ አልነሳ አለ። ደጋግሞ ረገጠው፤ ላቡ መሪው ላይ ይንጠባጠባል።

«አትድከም» አለችው እናቴ። «የተሳልኩትን ጥላ አንተ አስገባልኝ።»

ልጅ ነበርኩና ለምን ራሷ አታስገባም ብዬ አሰብኩ።

ከቀብሯ በኋላ አባቴ ጥላውን አስገባ። ከዚያ ወዲያ ግን በዚህ ደጅ ሲያልፍ አንድም ቀን ከሞተሩ አልወረደም።

ሹፌሩ ተሳልሞ ተመለሰ። ባጃጁ ወዲያው ተነሳ፤ በመነሳቱ ጠላሁት።