ሞተር ውስጥ የገባው ብራና

የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ የምንላቸው፣ ብራና ፋቂ ነበሩ። መካነ ብርሃን አጠገብ የፍየል ቆዳ ወጥረው፣ ፍቀው፣ አስምረው ለጸሐፊ ያስረክባሉ፤ በደኅናው ጊዜ ራሳቸውም ይጽፉ ነበር። በኋላ ግን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። አባቴ ይህን በሰማ በዓመቱ ገደማ፣ እኔ በላቦራቶሪ ረዳትነት በምሠራበት የጎንደር ሆስፒታል አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከሁለት ወር በኋላ የዓይን ሐኪም ከአዲስ አበባ ለአንድ ሳምንት ይመጣል፤ ምዝገባው በዚያው ሳምንት ማክሰኞ በሥራ መውጫ ሰዓት ይዘጋል። ሐኪሙ ዳግመኛ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

አያ እስከ ደባርቅ በበቅሎ ይመጣሉ፤ ከደባርቅ ወዲህ የሚያመጣቸው ነገር ግን ጠፋ። አውቶቡሱ በዚያን ሰሞን አንድ ቀን ቢመጣ ሦስት ቀን ይቀራል። የቀረን ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችው የአባቴ አሮጌ የጣሊያን ማኪና ብቻ ነበረች። የቆመችው የዘይት መለኪያ ዘንጓ ሲመዘዝ ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ ነገር ይዞ የወጣ ዕለት ነው። ዘይትና ውኃ ተቀላቅለዋል። ብረትና ብረት በተጋጠሙበት መሃል እየገባ ዘይቱን ከውኃው፣ ውኃውን ከእሳቱ የሚለይ ስስ ነገር አለ፤ መካኒኮቻችን ጓርኒሲዮን ይሉታል። የእኛ ተቃጥሎ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ። ላቦራቶሪ ውስጥ መሥራቴ የባሰ አበላሸኝ እንጂ፣ ዱሮም የተዘጋ ነገር ካልከፈትኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አባቴ የጽሕፈት ቤት ሰው ነው፤ ሞተር ሲከፈት ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ ጓርኒሲዮን ፍለጋውን ከመካኒኩ ጋር የወጣሁት እኔ ነኝ። መካኒኩ ከልጅነቱ ጀምሮ በጣሊያኖች ጋራዥ የሠራ፣ ጥያቄ ሲበዛበት የሚቆጣ፣ ተቆጥቶም የሚመልስ ሰው ነበር።

ከአሥመራ ይመጣ የነበረው ዕቃ በመንገዱ ምክንያት ከቀረ ቆይቷል። ፒያሳ ያለው ባለሱቅ ግድግዳ ላይ በሚስማር ከተንጠለጠሉት መሃል ለሞተሩ ራስ የሚሆን አንድ አዲስ ጓርኒሲዮን አወረደልን። ሌላ አንድ ደግሞ አዘዞ ከፈረሰ ማኪና የወጣ፣ ያገለገለ፣ የመዳብ አገኘን። እኔ አዲሱን አነሣሁ። መካኒኩ ከእጄ ነጠቀኝና ከተቃጠለው ጋር ደርቦ ወደ ፀሐይ አነሣው።

«ቁጠሪ» አለኝ።

ቆጠርኩ። ብርሃን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በአንድ አነሱ።

«የሌላ ዓመት ሥሪት ነው። ይቺ ቀዳዳ ከተዘጋች አራተኛው ሲሊንደር ውኃ ይጠማዋል» አለና አዲሱን መለሰው።

አሮጌውን መዳብ ከሰል ላይ ጥሎ ፍም እስኪመስል አጋለውና ውኃ ውስጥ ነከረው። ጮህኩ። አንጥረኛ ማረሻ ሲሠራ አይቻለሁ፤ የጋለ ብረት ውኃ ሲነካ ይጠነክራል። እሱ ግን መዳቡን አውጥቶ ሰጠኝ፤ በሁለት ጣቴ ታጠፈልኝ። «መዳብ የብረት ወንድም መሰለሽ?» አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው ተቆጣ። ይህን አላውቀውም ማለቱ ነበር። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሁለት ትንንሾች ቀሩን፤ አንዱ የሞተሩን የላይ ክዳን ከዘይት የሚጠብቅ፣ ሌላው የውኃ ፓምፑ ሥር የሚገባ። እነሱ በሱቅም በፈራረሰ ማኪናም ላይ ጠፉ። የጫማ ካርቶን ሞከርን፤ ዘይቱን ጠጥቶ አበጠ። የአባቴን መሥሪያ ቤት የፋይል ሽፋን ሞከርን፤ ተላጠ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አንድ ቀን ዓይኔ አባቴ በሚደግመው አሮጌ የብራና ዳዊት ላይ ዐረፈ። ከቅድመ አያቱ የወረደ ነው፤ የጣት ወዝ፣ የሰም ጠብታ፣ የክረምት እርጥበት ችሎ ኖሯል። ይህን የቻለ ምን ያቅተዋል አልኩ።

«ለአያ ጻፍላቸውና ቁራጭ ብራና ይላኩልን» አልኩት።

አባቴ ደነገጠ። «ለማኪና ብዬ? ቅዱስ ቃል የሚጻፍበትን? አያ ይረግመኛል!»

ሦስት ቀን አሰበበት። በመጨረሻ ዳዊት ላስጽፍ ነው፣ ለናሙና ጥቂት ቅጠል ብራና ላክልኝ ብሎ ጻፈ። ሐኪም እንደተገኘም በዚያው ደብዳቤ ነገራቸው። ብራናው በነጋዴ እጅ ሲደርስ ጥቅሉን የፈታሁት እኔ ነኝ። አራት ቅጠል ነው። በጣት ሲዳብሱት ብቻ በሚታወቅ በወስፌ የተሰመረ መስመር ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። አባቴ መስመሩን ዳበሰና ወደ ጓዳ ገባ። እኔ ግን ምን ገዶኝ፤ መቀስ ፍለጋ ሄድኩ።

እንዲያውም እንደ ላቦራቶሪ ሰው ፈተንኩት። አንዱን ቁራጭ ዘይት ውስጥ ሳምንት አቆየሁት፤ እንደገባ ወጣ። አንዱን ውኃ ውስጥ አሳደርኩት፤ ለሰለሰ፣ ሲደርቅ ግን እንደነበረው ሆነ። በቡሎን ተጠብቆ የት ይሄዳል ብዬ ወሰንኩ። መካኒኩ የዘይቱን በደስታ ተቀበለ፣ የውኃውን ግን አገላብጦ አየና አልወደደውም። እኔ ተከራከርኩ፣ ቀኑም ደረሰብን፤ በሁለት በኩል ቀለም ቀብቶ ገጠመው። ብራናውን ብረቱ ላይ አጋድሞ ጠርዝ ጠርዙን በመዶሻ ቀስ እያለ ሲመታው፣ ብረቱ ራሱ ልኩን ይቆርጠዋል። ያን ዘዴ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ። አጠገባችን እስካለችው ጸዳ ከተማ ድረስ ነድተን ተመለስን፤ አንዲት ጠብታ አልወጣም።

ሰኞ አባቴና እኔ በኩፖን የቆጠብነውን ቤንዚን ሞልተን ደባርቅ ገባን። አያ በበቅሎ መጥተው ዘመድ ቤት ይጠብቁን ነበር። ማክሰኞ ጧት ከኋላ ተቀመጡ። በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ያለውን የራሳቸውን ዳዊት ደረታቸው ላይ አንግተዋል። ዳባትን ሳናልፍ አባቴን ጠየቁት።

«ዳዊቱ ተጀመረ?»

«ገና ነው አያ» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

«ሸጋ ጸሐፊ ፈልግለት። እንግዲህ እኔ ሌላ የምፍቅ አይመስለኝም።»

አባቴ መሪውን ጭምቅ አድርጎ ያዘው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አምባ ጊዮርጊስ ከመድረሳችን በፊት ዳገቱ ላይ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። አቆምን። ኮፈኑን ከፍቼ ሳየው ውኃው በፓምፑ ሥር ይንዠቀዠቃል። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ከኋላ ወንበር የአያ ድምፅ መጣ።

«ምነው ሙጫ ታፈላላችሁ?»

እሳቸው በሩን ዳብሰው ወጡና ሽታውን ተከትለው አጠገቤ ቆሙ። ሲበርድ አራቱን ቡሎን ፈትቼ ፓምፑን አወረድኩት። ብራናው ብራና አልነበረም፤ የተቀቀለ ቁርበት ሆኖ ከብረቱ ይዝለገለጋል። አያ እጃቸውን ዘረጉ። አባቴ አትስጪ የሚል ዓይን አየኝ። ሰጠኋቸው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ብዙ አሹት።

«ይህ የእኔ ፍየል ነው» አሉ።

«አዎ አያ» አልኩ። «እርስዎ የላኩት ነው።»

«ዳዊቱስ?»

«ዳዊት የለም» አለ አባቴ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ። «ለማኪና ነው ማለት አፈርኩ።»

ይረግሙታል ብዬ ጠበቅሁ። አያ ሙጫውን በድንጋይ ጠረጉ። ከተቆጡም የተቆጡት እንዳልጠበቅሁት ነው።

«እኔን ማን አርጋችሁኝ ነው? ሰባት ዓመት ሙሉ የብራና ቁርጥራጭ እየቀቀልሁ ለመጽሐፍ የእንጨት ገበታ ሙጫ ሠርቻለሁ። ብትጠይቁኝ ዘይት ላይ አድርጉት፣ ትኩስ ውኃ አታስነኩት እላችሁ ነበር። ብራና የተፋቀ እንጂ የለፋ ቆዳ አይዶለም!»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳምንት ሙሉ ዘይትና ውኃ ስለካ፣ ውኃውን ላፍላው የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም። አርባ ዓመት ቆዳ የዳበሰ ሰው በአንድ ደብዳቤ ርቀት ላይ ነበር፤ እኛ ደብዳቤውን በውሸት ሞላነው። ዓይናቸውን ለማዳን ነው ብለን በዋሸነው ውሸት ዓይናቸውን ልናስቀር ነው።

አያ ግን ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ነጠላቸው ላይ አስቀመጡ። ባዶውን ማኅደር ሰጡኝ። «ይህ የለፋ ነው። ይለካ።»

«ማኅደሩን?»

«ዳዊቱን በነጠላ እይዘዋለሁ። ፀሐይቱ የት ደረሰች?»

የማኅደሩን ክዳን ፓምፑ ላይ አጋደምኩት። በቡሎን መፍቻው ጀርባ፣ መካኒኩ እንዳደረገው፣ ጠርዙን ቀስ እያልኩ መታሁት። አያ በጣታቸው እየተከተሉ «እዚህ ገና ነው፣ እዚህ በቃ» ይሉኛል። ለሐኪም ቤት ጸሎት ከያዙት ጧፍ ሰም አቅልጠው አጠጡት። አባቴ በጀሪካን ከወንዝ ውኃ ቀዳ። ገጠምን፤ ሞተሩ ተነሣ። ፓምፑ ትንሽ ያነባል፣ ግን ሄድን። በየመንገዱ ውኃ እየጨመርን ጎንደር ስንገባ መዝጋቢው ወንበሩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ ነበር። አባቴ የሆስፒታሉን ደረጃ እንደዚያ ሲሮጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። መዝጋቢው ተነጫነጨና ወንበሩን መለሰው።

የአንደኛው ዓይን ሞራ ወጣ። አያ ከሳምንታት በኋላ የጠርሙስ ቂጥ የመሰለ መነጽር አድርገው ግቢያችን ገቡ። ቤት ይግቡ ስንላቸው እምቢ አሉ፤ መጀመሪያ ማኪናዋን ክፈቱልኝ አሉ። ከፈትኩላቸው። የዘይቱ ክዳን ሥር ብራናቸው እንዳለ ነው፤ ነጭ ጠርዙ ዙሪያውን ወጣ ብሎ ይታያል። በጥፍራቸው ነካ አድርገው «ይህስ ይዟል» አሉ። ከዚያ የቀረውን ቅጠል አምጡ አሉን።

አባቴ እንደ ተከሳሽ በሁለት እጁ ይዞ አመጣው። አንዱን ቅጠል ከመቀሴ ሸሽጎ አስቀምጦት ኖሯል። አያ ወደ ብርሃን አነሡት፣ መነጽራቸውን አስጠጉ፣ ቆዩ። እኔም ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት። መስመሮቹ ከግራ ቀጥ ብለው ይነሡና መሃል ላይ ይንሸዋረራሉ፤ ሁለቱ እንዲያውም ተጠላልፈዋል። ለእኛ ዳዊት ብለው፣ ምንም ሳያዩ፣ በጣታቸው ብቻ ያሰመሩት ነው። እንባዬ መጣ። አባቴም ወደ አጥሩ ዞረ።

አያ ግን ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቃቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አይ ጉድ!» አሉ፣ ከመነጽራቸው ሥር ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እንኳንም ለማኪና ሆነ!»