የከረሜላው ዘበኛ

ልብስ ሰፊው ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን የኖረው ከስኳር በሽታ ጋር ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ይረግጣል። በሳምንት አራት ማለዳ ደግሞ አስፋልት ላይ የብስክሌት ፔዳል ይረግጣል። የሰፈሩ ሰው «ይሄ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ረግጦ ይኸው እዚያው አለ» እያለ ያማዋል። ሐሜቱ አይከፋም፤ ግማሹ እውነት ነው።

ብስክሌቱን ያዘዘለት ሐኪሙ ነበር። መጀመሪያ እያጉረመረመ ወጣ፤ ኋላ ግን ዝናብም አያስቀረው ጀመር። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። ይሄ በሽታ የዓመት ፈቃድ የለውም። ከእንቅልፍ ሲነሱ ጣት መውጋት፣ ሆድ መውጋት፣ ቁርስን እንደ ወርቅ መመዘን፤ ማታም ያው። ልደት ቢጠራ ኬኩ ፊት አምስት ሰው ዘብ ይቆምበታል። የሱሪ ልክ ሊሰጥ የመጣ ደንበኛ እንኳ እጁን ዘርግቶ ቆሞ «ስኳርህ እንዴት ነው?» ይለዋል፤ እንዴት አደርክ ከቀረ ቆይቷል። ልብስ ሰፊው ታክቶታል። ጎማው አስፋልቱ ላይ ሲንሿሿ ግን፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ በሽተኛ ብሎ የሚጠራው የለም።

አሁን የሚያሰጋው ያችን ሰዓት ማጣት ነው። ከሁለት ወር በፊት ከብስክሌት እንደወረደ ሱቁ በር ላይ ተዘረረ። ሲነቃ ሚስቱ ራሱን ጭኗ ላይ አስደግፋ ማር ታልሰዋለች። ማሩ ሲያልቅ ፍርዱ ተከተለ።

«ስማኝ፤ ሁለተኛ እንዲህ ሆነህ ባገኝህ ብስክሌቱ ከዚህ ቤት ይወጣል። ወይ እሱ ወይ እኔ አላልኩህም። እሱ ነው የሚወጣው።»

በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ ብላ የቀረችው ነገር የለም። ለጥንቃቄ ደግሞ ታናሽ ወንድሟን አብሮት እንዲነዳ መደበችው። ወንድሟ የሂሳብ መምህር ነው፤ ወፍራም፣ ደግ፣ ዳገት ላይ እንደ ማንቆርቆሪያ የሚያፏጭ ሰው። «ዝም ብሎ ጣፋጭ እንዳይበላ ተጠንቀቅልኝ» አለችው። እሱም አደራውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

የዚያን ቀን ልብስ ሰፊው አርፍዶ ነቃ። ከዋዜማው ጀምሮ ለአንድ የመዘምራን ቡድን አሥራ ሁለት ሱሪ ሲያጥፍ ወገቡ ተቆርጦ ነበር። የደሙን ስኳር ለካ፤ መቶ አሥራ ሁለት፣ ደህና ነው። ሆዱ በመርፌ ብዛት ጓጉሎ ስላመመው ኢንሱሊኑን ጭኑ ላይ ወጋው። ግማሽ ዳቦ ጎረሰና ወጣ። ሊነዳ የተነሳ ሰው ጭኑን መውጋት እንደሌለበት ነርሷ ሦስት ጊዜ ነግራዋለች፤ እግሩ ሲሠራ መድኃኒቱ ይጋልባል፣ ስኳሩም ድንገት ይወርዳል ብላ። ግን የደከመ ሰው የነርስ ምክር ትዝ የሚለው ዳገት ላይ ነው።

ዳገቱ ሥር የመምህሩ ብስክሌት ካቴና ወለቀ። ልብስ ሰፊው ጃኬቱን አውልቆ አስያዘውና ካቴናውን መለሰለት። ጃኬቱን መልሶ ለበሰና ዳገቱን ተያያዙት።

ግማሽ መንገድ ላይ ላቡ ቀዘቀዘ። መንገዱ ዳር ያለው የኪሎሜትር ድንጋይ ሁለት ሆኖ ታየው። ያውቀዋል ይሄንን። ወርዶ ብስክሌቱን አጋደመና ለእንዲህ ያለ ጊዜ ከረሜላ ወደሚይዝበት ጃኬቱ ኪስ እጁን ከተተ። ባዶ።

«ከረሜላዎቼስ?»

መምህሩ እያፏጨ ደረሰ። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ጉደኛ ነህ! ስድስት ከረሜላ ደብቀህ! እህቴ ብታይ ምን ትላለች?»

«የት አደረግካቸው?»

«በላኋቸው።»

«ሁሉንም?»

«ምን ላድርግ፣ መንገድ ላይ አልጥላቸው! ላንተ ብዬ ነው። የመጨረሻው እንዲያውም አንቆኝ ነበር።»

ልብስ ሰፊው መለኪያውን አውጥቶ ጣቱን ወጋ። አርባ ስምንት። መምህሩ በትከሻው አጮልቆ አየና ፊቱ በራ።

«አርባ ስምንት! ባለፈው ሁለት መቶ አልነበረም? ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለህ! አሁንማ ድነሃል!»

ልብስ ሰፊው ሊሰድበው ፈልጎ ምላሱ ተሳሰረ። መንገዱን ተሻግሮ ወደ አንዲት ትንሽ ሱቅ ተንገዳገደ። ባለሱቋ ለስላሳ ስታነሳለት መምህሩ ከኋላ ጮኸ፤

«እንዳትሰጪው! ስኳር አለበት!»

ሴትዮዋ ጠርሙሱን ደረቷ ላይ ሸጎጠች። «ውይ ወንድሜን! አጎቴን የጨረሰው ይኸው አይደል? ውሃ ልስጥህ።»

«ለስ... ላሳ...» አለ።

«አየሽ፣ ሱስ ሆኖበታል» አለ መምህሩ አዝኖ።

ሁለት ደግ ሰዎች በደህና ቀን ሊገድሉት ነው። መምህሩ በዚህ ምድር የሚሰማው እህቱን ብቻ ነው፤ እሷን መጥራት ደግሞ ብስክሌቱን በገዛ እጅ ማስረከብ ነው። ልብስ ሰፊው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ስልኩን አየው። ማዶ የተጋደመውን ብስክሌት አየው። የፊት ጎማው በነፋስ ቀስ እያለ ይዞራል። ስልኩን ተጫነው።

«አርባ ስምንት» አላት። ሌላ ቃል አልወጣውም።

«ስልኩን ለዚያ ወንድሜ ስጠው!»

መምህሩ ስልኩን ጆሮው ላይ ቢያደርግም ድምጿ ለሱቁ ሁሉ ተሰማ። «ጣፋጭ ስጠው! አሁኑኑ! ሲወርድ ነው የሚገድለው፣ አንተ የቁጥር አስተማሪ!» ባለሱቋ ማንም ሳይነግራት ጠርሙሱን ከፈተችው።

ሚስቱ በታክሲ ስትደርስ መለኪያው ሰማንያ ስድስት ይላል። በቤት ነጠላ ጫማዋ ነበረች። መጀመሪያ ወንድሟን አየችው፤ እሱ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ጫማውን ያያል።

«አንቺ ነሽ ጣፋጭ አታስበላው ያልሽኝ» አለ ቀስ ብሎ።

የለስላሳውን ሂሳብ ለባለሱቋ ከፈለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «የት ነው የተወጋኸው?»

«ጭኔ ላይ።»

«ልትነዳ ስትነሳ?»

«አዎ።»

«ያልኩህን ታስታውሳለህ።»

«ውሰጂው» አለ። ለመከራከር አቅም አልነበረውም። «ግን ይሄን ስሚኝ። በሽታው አይደለም ያደከመኝ። በየሄድኩበት በሽተኛ መሆን ነው ያደከመኝ። ከዚህ ብስክሌት ላይ ስወርድ ሁላችሁም ነርስ ናችሁ።»

ሚስቱ አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እሷም ደክሟታል፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እስትንፋሱን እያዳመጠች ነው የምትተኛው። ይሄን ግን አልነገረችውም። ዳቦ ገዝታ እጁ ላይ አኖረችለትና እስኪጨርሰው ድረስ ጠበቀች።

«ነገ አትነዳም» አለች በመጨረሻ።

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያ ሆድህን ተወግተህ፣ ሙሉ ቁርስ በልተህ፣ እኔ ፊት ለክተህ ነው።»

መምህሩ ተነፈሰ። «እኔስ?»

«አንተ መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ሄደህ ትማራለህ» አለችውና ሁለቱንም ብስክሌት እየገፋ ከኋላ እንዲከተላቸው በአገጯ አሳየችው።