አንድ ሶኬት

26 ጁን የሚባለው ሰፈር ያለው ጌም ቤት የጋለ ፕላስቲክና አቧራ ይሸታል። የምንወደው ተከታታይ ጌም የወጣበትን ቀን ልናከብር ተሰብስበን፣ ስለሚመጣው ክፍል እንከራከራለን። ጅግጅጋ ያደገው አብዲ «ኢንሻአላህ ታሪኩን ከዜሮ ይጀምሩታል» ሲል መቀመጥ አቃተኝ።

ሽታው ሼክ ኑር ሰፈር ወደነበረችው አንድ ክፍል ቤታችን መለሰኝ። ያኔ ልጅ ነኝ፤ ከኢትዮጵያ ወደዚህ ከተማ ከመጣን ገና ሦስት ወራችን ነበር። እኔና ወንድሜ የጌሙን የመጀመሪያ ክፍል መጫወት ከጀመርን ሁለት ቀን ሆኖናል። ሚሞሪ ካርድ ስለሌለን ፕላስቲኩ ግሎ እስኪሸት አናጠፋውም፤ ከጠፋ የደረስንበት ሁሉ ይጠፋል። እማዬ ሰው ቤት ሥራ የምትጀምርበት ቀን ነው። ካውያውን ይዛ መጣችና የጌሙን ገመድ ልትነቅል ጎንበስ አለች። ቤታችን ያለው አንድ ሶኬት ብቻ ነው።

«እማዬ፣ እንዳትነቅይው! ከዜሮ ልንጀምር ነው!» ብዬ ጮህኩ።

እጇ ገመዱ ላይ ቀረ።

«ከዜሮ መጀመርንማ እኔን ጠይቂኝ» አለች፣ ለራሷ የምታወራ በሚመስል ድምፅ። ከዚያ የተጨማደደ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ አብዲ።

«ካቆመበት ይቀጥል!» አልኩት። ጮኼ ኖሯል፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ።