ቀዩ ብርድ ልብስ ቀለም የለቀቀ ሰሞን

አባቷ ያወጣላት ቅጽል ስም ጥድፊያ ነው፤ ሌላ ስም ቢኖራትም በእሱ የሚጠራት የለም። ሻይ ሳይበርድ ጠጥታ ምላሷን የምታቃጥል፣ የሰው ወሬ ሳያልቅ መልስ የምትሰጥ ሴት ሌላ ምን ትባል? እሱ ደግሞ ፍጹም ተቃራኒዋ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ብርድ ልብስና አንሶላ ሲሸጥ ኖሮ፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ሱቋን ለቀቀ። አከፋፋዩ ግን ስሙን አምኖ ዕቃ መስጠቱን አላቆመም። ብርድ ልብሱ መኖሪያ ቤት ገባ፤ ሳሎኑ እስከ ጣሪያው ሞላና አባትና ልጅ በክምሩ መሃል በጎን እየተላለፉ መኖር ጀመሩ። ጥድፊያም ፎቶ እያነሳች በስልኳ መሸጥ ያዘች።

«ኧረ ልጄ፣ ሰው ሳይዳስሰው እንዴት ይገዛል?» አለ አባትየው።

ገዛ! ሞተረኛው ማድረስ እስኪያቅተው ድረስ ገዛ። ጥድፊያ ከደስታዋ ብዛት የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። አባትየው ይህን ሲያይ ተረታ፤ ምክሩን ግን አልተወም።

«ስልክም ሆነ ሱቅ፣ ደንበኛ ያው ሰው ነው። ሲቆጣ አትመልሺለት። ወንበር ስጪው፣ ውሃ ስጪው፣ ይጨርስ። ዝም አይነቅዝም።»

እውነቱን ነው። ሊማታ ገብቶ አንሶላ ጨምሮ ገዝቶ የወጣው ሰው ስንት ነበር!

አንድ ጠዋት ልጇን የዳረች ደንበኛ ጥድፊያ በምትሸጥበት ገጽ ላይ ፎቶ ለጠፈች። ቀዩ ብርድ ልብስ ከሙሽሪት ነጭ አንሶላ ጋር ታጥቦ፣ አንሶላው ደም የተነከረ መስሏል። ከሥሩ «እነዚህ ሌቦች ናቸው፤ ልጄን በአማቶቿ ፊት አዋረዱብኝ» ይላል። ጥድፊያ ክው አለች። ጥፋቱ የት ላይ እንደሆነ ወዲያው ነው የገባት። አባቷ ቀይ በሸጠ ቁጥር እያጠፈ «ይሄን ለብቻው፤ መጀመሪያ ጨው ባለው ውሃ ዘፍዝፉት» ሳይል ከእጁ አያወጣም ነበር። ያ ቃል የትም አልተጻፈም፤ ከማጠፉ ጋር አብሮ የሚወጣ ነገር ነው። እሷ ስታጥፍ ፊት ለፊቷ የቆመ ሰው የለ፤ ለማን ትናገር?

ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እተካለሁ ልትል ጣቷ ተቁነጠነጠ።

«እህ! ቆይ እንጂ!» አለ አባትየው። «ሴትየዋ ገና እየተናገረች አይደለም? ትጨርስ።»

በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተጣደፈችም። ወይ አለመታደል!

ሴትየዋማ ጨረሰች። ሌላው ጀመረ እንጂ። «መልስ የላትም፤ አያችሁ?» አለ አንዱ። «ጠፍታለች» አለ ሌላው። ብርድ ልብስ ገዝቶ የማያውቅ ሁሉ «እኔንም እንዲሁ ሠርታኛለች» ማለት ጀመረ። ሱቅ ውስጥ ዝም ያለ ነጋዴ አንገቱን ሲደፋ ይታያል፤ ስልክ ላይ ዝም ያለ ሰው ግን የሸሸ ነው። ይህን ለአባቷ ብታስረዳው ብታስረዳው አልገባው አለ።

«ውሃ እንኳ አልሰጠናቸውም እኮ» አላት አዝኖ።

«በየት በኩል ነው ውሃ የምሰጣቸው፣ አባዬ!» ብላ ጮኸችበት።

በማግስቱ ይቅርታ ጻፈች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ተሳለቁባት። ጨነቃት፤ አዲስ ነጭ አንሶላ ታቅፋ የሙሽሪት እናት ቤት ሄደች። ሴትየዋ በር ላይ አቁማ አፏ እንዳመጣላት ተናገረቻት። ጥድፊያም አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲወጣላት ሴትየዋ ራሷ ወንበር ሳበችላት፤ «ምነው ልጄ፣ ያኔውኑ ብትመጪ?» አለቻትና ፎቶውን እዚያው አጠፋችው። የአባቷ ምክር ሠራ! ጥድፊያ እፎይ ብላ ቤቷ ሳትደርስ «አባብለው አፏን ዘጉት» የሚል ወሬ ተነሳ። ፎቶው ለካ በየሰዉ ስልክ ተቀድቶ አልቋል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ከዚያ አከፋፋዩ ደወለ። «እህቴ፣ አባትሽን አከብራለሁ። እኔም ግን በስሜ ነው የምበላው። ሰዉ እስከ ነገ ካልበረደ መኪና ልኬ ዕቃዬን አነሳለሁ።»

ክምሩ ከሄደ ሥራ የለም። ሌላ የሚያውቁት ሙያም የላቸውም።

አባትየው «ስልኩን ያዢና አንብቢልኝ» አለ። «አንድ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ ይስማቸው።»

አነበበች። ለእያንዳንዱ ስድብ ራሱን እየነቀነቀ «እሺ ልጄ»፣ «ልክ ነሽ እናቴ» ይላል፤ ሰዎቹ ፊቱ የቆሙ ይመስል። የከፋውን ልታልፈው ስትል «አትዝለይ» ይላታል። አንዱ ላይ ስትደርስ ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው።

«ምነው?»

«አልቋል፣ አባዬ።»

«እኔን ነው አይደል? አንብቢው።»

«አባትየውም ያው ነበር» ብላ አነበበች፤ «ዕድሜ ልኩን ሲያታልለን ኖሮ አሁን ደግሞ ልጁን ተካብን።»

ሽማግሌው ጉልበቱን ረስቶ ብድግ አለ። ደንበኛን አቋርጦ የማያውቅ ሰው «ውሸት ነው!» ብሎ ስልኩ ላይ ጮኸ። «ማነህ አንተ? የት ነው የምትኖረው? ና፣ ፊቴ ቆመህ ተናገር!» መልስ ሲያጣ ወደ ልጁ ዞረ። «ጻፊ! እቤቴ ይምጣ በይ። ያታለልኩት ሰው ካለ መጥቶ ዓይኔን እያየ ይንገረኝ በይ!»

የተናገረውን አንድም ሳታጎድል ጻፈች፤ ላከችው። መልሱ ወዲያው መጣ፦ በሳቅ የሚንከባለሉ ቢጫ ፊቶች፣ አንዱ በአንዱ ላይ።

«ምን አሉ?» አለ አባትየው፣ ክምሩን ተደግፎ ቁና ቁና እየተነፈሰ።

«እየሰሙ ነው፣ አባዬ።»

«አላልኩሽም!» ፊቱ በራ። «ሰው እኮ ናቸው! በይ አሁኑኑ ለአከፋፋዩ ደውዪ። በርደዋል፣ መኪናውን ተወው በይው።»

ጥድፊያ የማንንም ቁጥር ሳትነካ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ሄሎ ጋሼ» አለች፣ «እንደምን ዋሉ?»