ፍሪሲዮኑ ነው እንጂ እግሬ አይደለም

ግራ እግሬ ከቀኙ ይቀጥናል። ሕፃን ሳለሁ ፖሊዮ ይዞኝ ነው። ስራመድ ትንሽ አነክሳለሁ፣ ደረጃ ስወጣ እጄን ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ፤ ከዚያ በቀር እግሬ የታዘዘውን ይሠራል። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እሱን ስለሆነ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኔና ታላቅ ወንድሜ ፉሪ ላይ ዶሮ ማርባት ጀመርን። ያኔ ፉሪ እርሻ ነበር። በጤፉ ማሳ መሐል እዚህም እዚያም የቆርቆሮ ጣሪያ ብቅ ይላል፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው። ወንድሜ ዶሮዎቹን ይይዛል፤ እኔ እንቁላሉን ከአባታችን በቀረችልን አሮጌ ፒክአፕ ጭኜ፣ በሃና ማርያምና በላፍቶ አድርጌ፣ ሳሪስ ላሉ ሱቆች አደርሳለሁ። መንዳት ያስተማረኝም አባታችን ነው። ፈታኙ እግሬን አይቶ «በዚህ ነው የምትነጂው?» ሲለኝ «በዚሁ» ብዬው መንጃ ፈቃዴን አወጣሁ።

አንድ መስከረም ላይ ማርሹ እምቢ ማለት ጀመረ። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ድረስ ረግጬ አንደኛ ላስገባ ስል ይንገጫገጫል። የኋላ ማርሽማ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ እያሰማ ጭራሽ አልገባም ይላል። ከገባም በኋላ ፔዳሉን እንደረገጥኩ መኪናዋ በራሷ ወደፊት መሳብ ትፈልጋለች፤ በፍሬን ካልያዝኳት አትቆምም። እንቁላል የጫነ ሰው ደግሞ መንገጫገጭ አይችልም። ሳሪስ ደርሼ ሸራውን ስገልጥ የላይኛው ትሪ አስኳል በአስኳል ሆኖ ጠበቀኝ።

ማታ ለወንድሜ ነገርኩት።

«ፍሪሲዮኑ አይለቅም። ረግጬውም ሞተሩ ከማርሹ አይለያይም።»

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። በልጅነቴ ትምህርት ቤት በጀርባው አዝሎ የወሰደኝ እሱ ነው። ግን ያን ማታ ዓይኑ የሄደው ወደ እግሬ ነበር።

«እስከ መጨረሻው እየረገጥሽው ነው?»

«ወንድም ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ነድቻታለሁ?»

«እሱማ ነድተሻል። ግን እግር ይደክማል። አንቺንም እኮ እያሰብኩልሽ ነው።»

በማግስቱ ላፍቶ ወዳለ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ጠጉሩ የሸበተ፣ ሰው የሚያከብረው ሽማግሌ ነበሩ። ሞተሩ እንደጠፋ ገብተው ተቀመጡ፤ ፔዳሉን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ አደረጉና ወረዱ።

«ፔዳሉ ደህና ነው። ጠንከር ብሎ መርገጥ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም» አሉ። ያሉት ለእኔ አይደለም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ለወንድሜ ነው የነገሩት።

ወንድሜ በዚያው ሳምንት ሹፌር ቀጠረ፤ ሳሪስ ላለችው አንዲት ባለሱቅ ደንበኛችንም «የእህቴ እግር ስለደከመ ነው» ብሎ ነገራት። ሹፌሩ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ዝምተኛ ሰው ነው፤ እግሮቹ ምሰሶ ያህላሉ። እኔ ሱቆቹን እንዳሳየው ጎኑ ተቀመጥኩ። ገና ከግቢያችን ሳንወጣ ማርሹ ጮኸበት። ሃና ማርያም ጋ ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ቆመን፣ እንደገና ሊነሳ ሲል መኪናዋ እንደ ፍየል ዘለለች። ከኋላችን እንቁላሉ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ሹፌሩ ቀና ብሎ አየኝ። ሳሪስ ስንደርስ ራሱ ተናገረ።

«እትዬ፣ ይህቺ መኪና እኮ አትለቅም።»

«ይህንን ለወንድሜ ንገርልኝ» አልኩት።

ነገረው። ወንድሜ አገጩን እያሻሸ አሰበና፣ «ምን ይደረግ፣ መኪናዋ አርጅታለች» አለ።

ያኔ ነው የተናደድኩት። ያው መኪና፣ ያው ፔዳል። እኔ ስነዳት የእግሬ ድካም፣ ሰውየው ሲነዳት የመኪናዋ እርጅና!

«ነገ ጋራዥ እሄዳለሁ። የምነዳውም እኔ ነኝ። አንተም ትመጣለህ።»

«እህቴ፣ አታካብጂው እንጂ...»

«ትመጣለህ!»

መጣ። ላፍቶ እስክንደርስ ማርሹ በጮኸ ቁጥር ፊቱን ያጨማድዳል፤ እኔ ደግሞ ይስማው ብዬ እነዳለሁ። ጋራዡ ገብቼ ሞተሩን ሳላጠፋ ወረድኩና በሩን ለሽማግሌው ያዝኩላቸው።

«ይቀመጡ። በእርስዎ እግር ይርገጡና የኋላ ማርሽ ያስገቡ።»

ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ማየት ጀመሩ። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ተቀመጡ፣ ረገጡ፣ ማርሹን ሳቡት። መኪናዋ ጮኸች። ፈገግታቸው ጠፋ። ቆየት ብለው ደገሙት፤ አሁንም ጮኸች።

«እንግዲያው ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን ነው የተበላሸው። ወርዶ መፈታት አለበት» አሉ።

«ካምቢዮውም አይደለም። ሞተሩን ያጥፉትና ያስገቡት።»

አጠፉት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ የኋላ፣ ሁሉም ያለ ምንም ድምፅ ገባ። ካምቢዮው ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ሲጠፋ አይድንም ነበር። ይህንን የነገረኝ ሰው የለም፤ ግቢያችን ውስጥ ስንቴ ብቻዬን ሞክሬ የደረስኩበት ነው።

ሽማግሌው ከመኪናዋ ወረዱ። የኋላ ጎማዎቹን በክሪክ አስነሱና ከሥር በእንጨት አስደገፉ። አንደኛ ማርሽ አስገብተው፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጠው ሞተሩን አስነሱ። ፍሪሲዮኑ ቢለቅ ኖሮ ጎማዎቹ ዝም ይሉ ነበር። አልቆሙም፣ አየር ላይ ይሽከረከራሉ። ወንድሜ ጎማውን ሲያይ እኔ እሱን አየሁት።

«አይለቅም» አሉ ሽማግሌው። በዚህ ጊዜ ለእኔ ነው የነገሩኝ።

ከፔዳሉ ተነስቶ ፍሪሲዮኑን የሚስበው ኬብል ላልቶ ይሆናል ብለው ማስተካከያ ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቁት። ትንሽ ተሻላት እንጂ አልዳነችም። «የፍሪሲዮኑ ሸራ ይሆናል፣ ሞተሩና ካምቢዮው መለያየት አለባቸው» ማለት ጀመሩ። እኔ ግን ፔዳሉን ስረግጥ ከወለሉ በላይ የሆነ ቦታ ቀጭን ሲጢጥ የሚል ድምፅ እሰማ ነበር፤ ሲነግሩኝ እንደከረሙት የእግሬ ድካም አይደለም።

«ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ነገር ልይ። ወንድም ጋሼ፣ ግባና እርገጥ።»

«እኔ?»

«አንተ። ስልህ ርገጥ፣ ስልህ ልቀቅ።»

ኮፈኑን ከፍቼ አንገቴን አስገባሁ። የሚነዳ ሰው ይህንን ቦታ አያየውም፤ የሚያየው ሰው ደግሞ እግሩ ፔዳል ላይ አይደለም። ለዚህ ነው እስከዚያ ቀን ያላገኘነው። «ርገጥ!» አልኩት። ሞተሩን ከሹፌሩ መቀመጫ የሚለየው ቆርቆሮ፣ ኬብሉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ሆድ ሲተነፍስ እንደሚነፋ ተነፋ። «ልቀቅ!» ተመለሰ። «ርገጥ!» እንደገና ተነፋ፤ አሁን ዝገቱ ሥር የተደበቀው ስንጥቅ አፉን ሲከፍት አየሁት። ወንድሜ የሚረግጠው ግማሹ ኬብሉን ይስባል፣ ግማሹ ቆርቆሮውን ያጎብጣል። በዓለም ላይ ያለ ጠንካራ እግር ሁሉ ቢፈራረቅባት አትለቅም ነበር።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ስንጥቁ ላይ አደረጉ። 

«እውነትሽን ነው» አሉ። «ሞተር ሳላስነሳ መፍረድ አልነበረብኝም።»

«ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ እኔንም ሳይጠይቁ ነው የፈረዱት» አልኳቸው። ገባቸው መሰለኝ፤ አንገታቸውን ደፉ።

ዝገቱን አስፍቀው፣ ወፍራም ላሜራ ቆርጠው ስንጥቁ ላይ በየዱ። ሞተሩን አስነስቼ ፍሪሲዮኑን ረግጬ የኋላ ማርሽ ሳስገባ ድምፅ እንኳ አልነበረም። ወንድሜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ወደ ቤት እንሂድ ሲለኝ ግን መሪውን ወደ ሳሪስ አዞርኩት።

«ወዴት ነው?»

«ለሳሪሷ ባለሱቅ የእህቴ እግር ስለደከመ ሹፌር ቀጥረናል ብለሃታል። ሄደህ ትመልሰዋለህ።»

«ኧረ በናትሽ! ሴትየዋ ረስታዋለች እኮ።»

«እኔ አልረሳሁትም።»

ሴትየዋ እኔን ከመሪው ስወርድ ስታይ ከሱቋ ብቅ አለች። «ውይ እህቴ፣ እግርሽን አሞሽ ነው ሲሉኝ...» ብላ ሳትጨርስ ወንድሜን አየሁት። ጆሮው ቀልቷል።

«እግሯ ደህና ነው» አለ። «መኪናዋ ነበረች። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ሴትየዋ ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ መኪናዋ አየችና፣ «እንግዲህ ሐሙስ እንቁላሉ ሙሉውን ይመጣል ማለት ነው?» አለች። ሦስታችንም ሳቅን። ሐሙስ እኔው ጭኜ ሄድኩ፣ አንድም ሳይሰበር።